ሳይጨረስ የቀረው ካሴት

የሪች ሙሊንስ የመጨረሻ አልበም ሁለት ዲስክ አለው። በአንዱ ላይ ሙሊንስ ብቻውን ይዘምራል። በሌላው ላይ በአመዛኙ እነዚያኑ መዝሙሮች ጓደኞቹ በሙሉ ባንድ ይዘምሯቸዋል። አልበሙ «ዘ ጂሰስ ሬከርድ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፤ ባለቤቱ ግን ሲወጣ አላየውም። ስለዚህ አልበም ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የአሟሟቱ ታሪክ ነው፤ ልብ የሚነካ ስለሆነም መዝሙሮቹን ይጋርዳቸዋል። እኔ ላነሳው የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንድ መዝሙር ተጨረሰ የሚባለው መቼ ነው? ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልክ ወይም በላፕቶፕ የራሱን መዝሙር የሚቀዳ ወጣት በየአጥቢያችን ስላለ፣ ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ሙሊንስ በ1955 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሪችመንድ ከተማ ተወለደ። በ1982 ኤሚ ግራንት የዘመረችው «ሲንግ ዩር ፕሬዝ ቱ ዘ ሎርድ» የእርሱ ድርሰት ነው። በ1988 ያወጣው «ኦውሰም ጎድ» ደግሞ በእንግሊዝኛ በሚዘመርበት ጉባኤ ሁሉ ማለት ይቻላል የታወቀ ነው። በዚህ ሁሉ ዝና መካከል የመዝሙሩ ገቢ ስንት እንደሆነ እንኳ ለማወቅ አልፈለገም፤ ገንዘቡ በቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች በኩል ያልፍ ነበር፤ ለእርሱ የሚሰጠው የአንድ መካከለኛ አሜሪካዊ ሠራተኛ ደመወዝ ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረው ለበጎ ሥራ ይውላል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሙዚቃው ከተማ ከናሽቪል ርቆ ከናቫሆ ሕዝብ ጋር ኖረ፤ ልጆችንም ሙዚቃ አስተማረ። ይህን የምነግራችሁ የገድል ዝርዝር ለመጻፍ አይደለም። ወደ ኋላ የማነሳው አንድ መዝሙር ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

በ1997 ሙሊንስ ስለ ጌታ ኢየሱስ ሕይወት አሥር መዝሙሮች ያሉበት አልበም ለመሥራት አቅዶ ነበር። በመስከረም ወር ወደ አንድ ሰው ወደማይገለገልበት ባዶ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ገባ፤ ተራ የካሴት መቅጃ አስቀመጠ፤ መዝሙሮቹንም ዘመራቸው። ዓላማው ለባንዱ ጓደኞቹ «እንዲህ ነው የሚሄደው» ብሎ ማሳየት ነበር፤ የሙዚቃ ሰዎች ዴሞ የሚሉት ማለት ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መስከረም 19 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.፣ ወደ አንድ የእርዳታ ኮንሰርት ሲጓዝ በኢሊኖይ ግዛት በመኪና አደጋ ሞተ፤ ዕድሜው 41 ነበር። አብሮት የነበረው ወጣት ዘማሪ ሚች ማክቪከር ክፉኛ ተጎድቶ ተረፈ። ያ ካሴት በአልበሙ ውስጥ እንዳለ ገብቷል። ሌላውን ዲስክ «ራጋመፊን ባንድ» የሚባሉት ጓደኞቹ ሠሩት፤ ኤሚ ግራንት፣ ማይክል ደብሊው ስሚዝ፣ አሽሊ ክሊቭላንድና ፊል ኬጊም ተጋብዘው አገዙ።

ወደ ካሴቱ እንግባ። በተራ መቅጃ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ የዛሬ ወጣት ላያውቅ ይችላል። ድምፁና መሣሪያው አንድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ዛሬ እንደምናደርገው ጊታሩን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ ቀድቶ በኋላ መደራረብ የለም። አንድ ስንኝ ስታበላሽ ያቺን ስንኝ ብቻ ቆርጠህ አትተካም። ወይ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ፣ ወይ ስሕተቱን ይዘህ ትቀጥላለህ። ክፍሉም ራሱ ይቀዳል፤ ባዶ አዳራሽ ድምፅን ወደ ዘማሪው ይመልሰዋል፣ ካሴቱም ከሥር «ሽ…» ይላል። የሚገርመው፣ ከዜማ የወጣን ድምፅ በኮምፒዩተር የሚያቃናው አውቶቱን የተባለው ፕሮግራም ለገበያ የቀረበውም በዚያው በ1997 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ በር ሲከፈት ሌላው እየተዘጋ ነበር ማለት ይቻላል።

የካሴቱ ምርጥ መዝሙር «ሃርድ ቱ ጌት» ነው። ርእሱ ከፍቅር ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ቶሎ እሺ የማትል፣ ወዳጇን የምታስለምን ልጅ እንዲህ ትባላለች። ሙሊንስ ይህን ለጌታ ያዋለዋል፦ አንተ ታስለምነኛለህ ይለዋል። ድፍረቱ ያስደነግጣል። ግን እስከ መጨረሻው ስትሰሙት ከአክብሮት የጎደለ ነገር አታገኙም፤ የሚሰማው ወዳጁን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው። በሰማይ ያለው ጌታ በምድር ሳለ የነበረውን ኑሮ ያስታውስ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ብቸኝነትን፣ ማጣትን፣ የዕለት እንጀራ ለመለመን እንኳ እምነት የሚያጥርበትን ቀን። ደግሞም ያምናል፤ ምክንያቱ ቢነገረው እንኳ ሕመሙ አይቀንስም። መዝሙሩ መልስ ሳያገኝ ያልቃል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ያለው ግምት ብቻ ነው፦ ምናልባት መንገዱ መጥፋቱ ራሱ፣ በመጨረሻ ለመመራት እሺ እንዲል የተመራበት ስፍራ ቢሆንስ?

ይህን በካሴቱ ላይ ስትሰሙት ጊታሩ አልተስተካከለም፣ ድምፁ ሻካራ ነው፣ በባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። እኔ እስከምረዳው ድረስ የድምፁ ድህነት የመዝሙሩን ሐሳብ ይሸከማል። የማይመልስለትን ጌታ የሚጠራ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ነው መሆን ያለበት፤ የሚመልስለትም የራሱ ድምፅ ማስተጋባት ብቻ ነው። ይህን ማንም አላቀደውም። ሙሊንስ ራሱ በሙሉ ባንድ ሊሠራው አስቦ ነበር። ግን ሆነ።

በባንዱ ዲስክ ላይ ይህንኑ መዝሙር ሪክ ኤልያስ ይዘምረዋል። ኤልያስ ጥሩ ዘማሪ ነበር፤ ባንዱም የሚያሳፍር ነገር አልሠራም። ቢሆንም አይሠራልኝም። ብቻዬን ቀረሁ የሚል ሰው ከኋላው ሙሉ ባንድ ካለው፣ ሰሚው ሳያስበው ይጽናናል፤ ቅንብሩ መልስ ሆኖ ይገባል። መዝሙሩ ግን መልስ አልተሰጠኝም ነው የሚለው። ሙዚቃው ቃሉን ሲቃረን ቃሉ ይሸነፋል።

ለምን እዚህ ላይ ቆየሁ? በእኛ መካከል እንዲህ ያለ መዝሙር ብርቅ ስለሆነ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶ ያህሉ እንጉርጉሮና አቤቱታ ነው፤ መዝሙር 88 እንዲያውም በጨለማ ያልቃል፤ ብርሃን ሳያሳይ። እኛ ግን በየሳምንቱ የምንዘምረው በአብዛኛው የድልና የበረከት መዝሙር ነው። ወንድሟን በጦርነት ያጣች እህት፣ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ ያጣ ወንድም እሁድ ጠዋት ሲመጡ የራሳቸውን ጸሎት በመዝሙር መልክ አያገኙትም። የሌላውን ድል እያጨበጨቡ ይመለሳሉ። አቤቱታ የምስጋና ጠላት አይደለም፤ ዳዊት ሁለቱንም በአንድ በገና ነው የዘመራቸው። እንጉርጉሮ የሚጽፍ ወጣት በመካከላችን የለም ብዬ አላምንም። ይጽፋል። በስልኩ ይቀዳዋል። ከዚያ «ይህ ለአልበም አይሆንም» ብሎ፣ ወይም ተብሎ፣ ያስቀረዋል። ወይም ደግሞ ወደ አቀናባሪ ይወስደዋል፤ አቀናባሪውም በሚያውቀው መንገድ ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ ኮረስ አስገብቶ ወደ ድል መዝሙር ይለውጠዋል። ቃሉ ሳይነካ ትርጉሙ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የካሴቱን ዲስክ ብቻ አወድሼ ባልፍ ልክ አልሆንም። ሻካራነት በራሱ ቅድስና አይደለም። በካሴቱ ላይ ገና ያልበሰለ ነገር አለ፤ ጓደኞቹ እንዲሰሙት እንጂ እኛ እንድንሰማው ያልተዘመሩ ስፍራዎች አሉ። የጥራት ጉድለትን «መንፈሳዊ ነው» እያሉ የሚሸፍኑ ዘማርያንን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ጊታርን ማስተካከል የሥጋ ሥራ የሚመስላቸው።

በተለይ «ማይ ዴሊቨረር» (አዳኜ) ሌላ ነገር ያስተምራል። ሙሊንስ ይህን የጻፈው ከማክቪከር ጋር ነው፤ ከአደጋው ከተረፈው ጋር። ታሪኩ ከማቴዎስ ምዕራፍ 2 ይነሳል፤ ዮሴፍ ማርያምንና ሕፃኑን ይዞ ከሄሮድስ ቁጣ ይሸሻል። ብዙ ዘማሪ «ግብፅ» ብሎ የሚያልፈውን ሙሊንስ «አፍሪካ» ይለዋል፤ ሕፃኑን በናይል ዳር ያስቀምጠዋል፤ በዚያም ባርነት የነበሩት የእስራኤል ልጆች የዘመሩትን የነጻነት ናፍቆት ያሰማዋል። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጌታ ስደተኛ ሆኖ የተጠለለበት አህጉር የእኛው ነው፤ ከዚያ ወንዝ ዳርም ከአገራችን የሄደ ውሃ ይፈስሳል። (እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቀጣዩ ስንኝ ውሃውን ከኬንያ ከፍታዎች ያመጣዋል። የናይል ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚሄድ የነገረው አልነበረም መሰለኝ። ጣና በዝምታ አልፏታል።)

የመዝሙሩ አዝማች የሚዘመረው በብዙ ሰው አፍ ነው። አዳኝ እንደሚመጣ የሚጠብቅ ሕዝብ መዝሙር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲዘምረው ከሕዝቡ የተለየ ሰው ይመስላል። በካሴቱ ላይ ቆንጆ ነው፤ በባንዱ ዲስክ ላይ ግን ቦታውን አግኝቷል። ድምፆቹ ሲደራረቡ፣ መሣሪያው ሲሞላ፣ መዝሙሩ የተጻፈለትን ጉባኤ ያገኛል። እዚህ ጓደኞቹ መዝሙሩን አስጊጠውት ብቻ አላለፉም፤ በእርግጥ ጨርሰውታል፤ ሙሊንስ ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም ነበር። ኤሚ ግራንት የዘመረችው «ነቲንግ ኢዝ ቢዮንድ ዩ» (ከአንተ የሚያልፍ የለም) እንዲሁ ነው፤ በ1982 የእርሱን መዝሙር ይዛ የወጣች ዘማሪት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይታ የመጨረሻውንም ትዘምርለታለች። የእርሷ ድምፅ ረጋ ያለ ነው፤ የእግዚአብሔርን ስፋት የሚናገረውን ቃል ያለ ጩኸት ታደርሰዋለች።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው፦ መዝሙር ተጨረሰ የሚባለው የሚናገረውን ሰው ሲያገኝ ነው። አንድ ሰው በጓዳው ለአምላኩ የሚያቀርበው ከሆነ፣ የስልኩ ቅጂ ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር መሣሪያ ሁሉ በጸሎቱ መካከል እንደሚያስል ሰው ነው። የሕዝብ መዝሙር ከሆነ ግን ጸሐፊው የቱንም ያህል ችሎታ ቢኖረው፣ ሌሎች እስኪዘምሩት አልተጨረሰም። ስህተቱ ሁለቱን በአንድ ወፍጮ መፍጨት ነው።

«ዩ ዲድ ናት ሃቭ ኤ ሆም» (ቤት አልነበረህም) ከሁለቱም ወገን ያለ መዝሙር ነው። መነሻው ማቴዎስ 8፥20 ነው፤ የሰው ልጅ ራሱን የሚያስጠጋበት አጥቶ የኖረበት ሕይወት። ቤት የለህም፣ ሚስት የለህም እያለ ይዘረዝርና ወደ አንድ ሹል ሐሳብ ይደርሳል፤ ዓለም የራሱ ሊያደርገው የማይችለውን አይታገሥም፣ አንተንም የራሱ ሊያደርግህ አልቻለም፣ ቤት አልነበረህምና። ይህን የጻፈው ገቢውን ያላየ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ከናቫሆ ልጆች ጋር የኖረ ሰው መሆኑን ስታስቡ ቃሉ ክብደት ያገኛል። ስለ ድህነት በድሎት የተዘመሩ ብዙ መዝሙሮች ሰምተናል። ይህ ከእነርሱ አይደለም። በዚህ መዝሙር ላይ የካሴቱን ቅጂ እመርጣለሁ፤ ግን ባንዱንም አልከስም።

«ሹርሊ ጎድ ኢዝ ዊዝ አስ» (በእርግጥ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው) ስለ ጌታ የሕዝቡን ወሬ ያሰማል፤ ይህ ሰው ማነው እያለ የሚያንሾካሹከውን፣ ጋለሞቶችና ሰካራሞች ለምን ወደዱት የሚለውን። አንዳንድ ጉባኤ ላይ ብትዘምሩት ከወንበር የሚነሳ ሽማግሌ አይጠፋም። በወንጌል ውስጥ የሌለ ነገር ግን አላለም።

ሳልጠቅስ የማላልፈው አንድ መዝሙር ደግሞ የሙሊንስ ድርሰት አይደለም፤ «ማን አቭ ኖ ረፒውቴሽን» (ስም የሌለው ሰው) የጻፈው ሪክ ኤልያስ ነው። ከኢሳይያስ 53 እና ከፊልጵስዩስ 2 የተቀዳ ሐሳብ ነው፤ የከበረ ስሙን ትቶ ራሱን ባዶ ያደረገው ጌታ። ይህን ያህል የጻፈ ሰው አልበም ውስጥ የጓደኛው መዝሙር እንዲህ ባለ የክብር ቦታ መገኘቱ ስለ መዝሙሩ ብቻ አይናገርም። በእኛ አልበሞች ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ» በሚለው ሥር አንድ ስም ብቻ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም እያየን ለመጣን ሰዎች ልብ የሚባል ነገር ነው።

በመጨረሻ አንድ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ሙሊንስ ካሴቱን ለሕዝብ አልሠራውም። ሳይፈቅድ ማውጣት ተገቢ ነበር? ጸሐፊ ረቂቁን ቢያጠፋ መብቱ ነው፤ ሙሊንስ ግን ለመወሰን ጊዜ አላገኘም። ወዳጆቹ ካሴቱን ብቻ አውጥተው «ይኸው የሞተው ዘማሪ» ቢሉ ንግድ ይመስል ነበር። የራሳቸውን ቅጂ ብቻ አውጥተው ካሴቱን ቢደብቁት ደግሞ ሳያስበው ያገኘውን ነገር እንነፈግ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ልባዊ መፍትሔ ነው፦ ይህ እርሱ የተወልን ነው፣ ይህ ደግሞ እኛ የቻልነው። ፍርዱን ለሰሚው ትተውታል።

በአገራችንም የዚህ ዓይነት ታሪክ አለ። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን በየቤቱ ተደብቃ በምትሰበሰብበት ጊዜ መዝሙር ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው በካሴት ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር «ሽ…» ይወፍራል፣ ድምፁ ይርቃል፣ ቃሉ ግን ይደርሳል። የዚያ ዘመን ወላጆቻችን እነዚያን መዝሙሮች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ያኔ ማንም ቅጂው ተጨረሰ አልተጨረሰም ብሎ አልጠየቀም፤ ሰው ይዘምረው ነበርና።

አልበሙን በወጣቶች ኅብረት ለመስማት ለምታስቡ፣ የባንዱን ዲስክ አስቀድሙ። መብራቱ እንዳለ፣ አብራችሁ እየዘመራችሁ። «ሃርድ ቱ ጌት»ን ግን ከእርሱ ላይ ዝለሉት። በካሴቱ ዲስክ ላይ ጠብቁትና፣ ሲያልቅ ወዲያው ለመጸለይ አትጣደፉ፤ ጥቂት ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የተቀዳ፣ ለማንም ያላሰማው መዝሙር ያለው ሰው ካለ ጠይቁት።